ጉድጓዱ መቼ ይተኛል?

ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ መቂ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ነፋሱ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ክንፎቹም ጥሩ ነበሩ፤ እኔ እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ እንደነሱ ያማረ የለም። ይሄን ለጉራ አይደለም የምለው። እሺ፣ ለጉራም ነው፤ ግን እውነት ነው። የቀረውን ግን ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ለየሰዉ እየቆራረስኩ መንገር አቃተኝ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ድሬዳዋን የማታውቁ፣ ወደፊትም የማትሄዱ፣ ኑ በኔ እግር ሂዱ፤ ላቡን እኔ አፍስሼላችኋለሁ።

ለማያውቀኝ፣ እኔ የላሜራ ሠራተኛ ነኝ። ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የጋዝ ማጥለያ ስሠራ ነው ያረጀሁት። የነፋስ ነገር ያስተማረኝ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የአውቶቡስ መስኮት ነው። አውቶቡሱ ሲከንፍ እጅህን አውጣ። መዳፍህን ቀጥ ካደረግከው ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋሃል። ትንሽ ጋደም ስታደርገው ያነሳሃል። ጎበጥ ካደረግከው ደግሞ ክንድህን ነጥቆ ሊሄድ ይደርሳል። በቃ፣ ትምህርቱ ይሄው ነው። እኔ ይሄን ይዤ ሐይቁ ዳር ለሽንኩርትና ለቲማቲም ውሃ የሚስቡትን የነፋስ ፓምፖች ክንፋቸውን አንድ በአንድ ለወጥኩ። ሌላው ፓምፕ ቆሞ ሲያንቀላፋ የኔዎቹ ይዞራሉ። ጋሽ ተፈራ መቂ ላገባችው ልጃቸው ጥየቃ መጥተው ያዩት ይሄንን ነው። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ የድሬዳዋ ሰው። ቆመው አዩ፣ አዩና «አንተን ሮብሌ ጋ መውሰድ ነበረብኝ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በልጃቸው በኩል መልእክት ላኩብኝ፤ «ኮሚቴው ሊመጣ ነው፤ ክንፍህን ይዘህ ድረስ» የሚል።

ሰኞ ተነሳሁ። ናዝሬት ድረስ በአውቶቡስ፣ ከናዝሬት በባቡር። ለናሙና አንድ ክንፍ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ ቁመቱ የልጅ ሬሳ ያህላል፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ቦታ ይለቅልኛል። አጠገቤ የተቀመጡት የቅቤ ነጋዴ እናት ናቸው። ቅቤያቸው በእንሥራ ነው፤ መተሐራ ስንደርስ ላብ ጀመረው፣ አዋሽን ስንሻገር ዘይት ሆነ። «ድሬዳዋ እስኪደርሱ ይጠጣል» ብላቸው በክርናቸው አሉኝ።

አዋሽ ላይ ፍተሻ ወጣ። ወታደሩ ጥቅሌን በጠመንጃው ጫፍ ገለጠና «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ክንፍ ነው።»

«የምን ክንፍ?»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «የራሴ ነው ጓድ፤ ሌላኛው ገና አልበቀለም» አልኩት።

ፉርጎው በሙሉ ሳቀ። ወታደሩ አልሳቀም። ይዞኝ ወረደ። የአውሮፕላን ዕቃ ነው፣ ከየት ሰረቅከው፣ ለማን ልታደርስ ነው፣ ጥያቄው በዛ። ባቡሩ ሲያፏጭ እኔ ክንፌን ታቅፌ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። የዚያን ጊዜ የቅቤዋ እናት በመስኮት አንገታቸውን አወጡና «ኧረ ልጄ! ወንድሜ ነው፣ ጤና የለውም፤ ላሜራ እያቀፈ ነው የሚተኛው፤ ለሐኪም እየወሰድኩት ነው!» ብለው ጮኹ። ወታደሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔም በተቻለኝ መጠን እብድ መሰልኩ፤ ብዙም አላስቸገረኝ። ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ እኚያ ሴትዮ እስከ ድሬዳዋ ድረስ እንደ እብድ ወንድም ነው የያዙኝ፤ የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ አጎረሱኝ። እኛ ሀገር የማታውቀውን ሰው ወንድሜ ብለህ ከወታደር ማስጣል ከባድ ነው በዚህ ጊዜ። እሳቸው ግን አደረጉት።

ባቡሩ አፍደም ላይ ደክሞት አደረ፤ እኛም ተቀምጠን አደርን። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ድሬዳዋ ገባን። ወርጄ ሳይ ከተማው ሞቷል። ሱቁ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ ውሻው ግድግዳ ሥር ተዘርሯል። አንድ ባለጋሪ ጋሪው ሥር ተኝቶ አገኘሁ።

«ከዚራ ታደርሰኛለህ?»

«አደርስሃለሁ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እንሂዳ።»

«ፀሐይዋ ስታዘነብል።»

«አሁን ነው የምፈልገው!»

«አቦ፣ አሁን እኮ ፈረሱም ተኝቷል።»

እውነቱን ነው፤ ፈረሱ በቁሙ ተኝቷል። በእግሬ ከዚራ፣ ጋሽ ተፈራ ሰፈር ሄድኩ። ሙቀቱ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከአስፋልቱ ተነስቶ በሱሪ እግር ይገባል። መቂ ውስጥ በዚህ ሰዓት ሐይቁ ይተነፍስልሃል፤ ድሬዳዋ የሚተነፍሰው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ነው፣ እሱም ትንፋሹ ትኩሳት አለው።

ጋሽ ተፈራ በሽርጥ ወጥተው አቀፉኝ። ሚስታቸው እትዬ አምሳለ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ባለው ሽቦ አልጋ ላይ ዘረጉልኝና «በል ተጠቅለል» አሉኝ። «እኔ ቀን ተኝቼ አላውቅም» አልኳቸው። «እዚህ ያልተኛ ሰው ማታ ሥራ የለውም፣ ልጄ። ከተማው እንደዛ ነው የተሠራው።» ተጠቀለልኩ። እንደ አሳ በእርጥብ ጨርቅ ተኛሁ። ስነሳ ከተማው ሕይወት ዘርቷል፤ ፈጢራ ይጠበሳል፣ ሻይ በወተት ይቀዳል፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አደርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብተው ይጋፋሉ።

ጋሽ ተፈራ ነገሩን ያጫወቱኝ ያን ጊዜ ነው። ከቢዮ አዋሌ መንገድ ገባ ብሎ ሮብሌ የሚባል ወዳጃቸው ያለበት ትንሽ ሰፈር አለ። ሮብሌና እሳቸው በወጣትነታቸው ሐዲድ ሲጠግኑ አብረው ነው የኖሩት። ሰፈሩ አንድ ጉድጓድ አለው፣ ጉድጓዱ ላይ ከድሮ ጀምሮ የቆመ የነፋስ ፓምፕ አለ። አሁን የመንደር ምሥረታ መጥቷል። ሰው ከየጎጆው ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ይኑር ተብሏል። ውሃ ያለው ቦታ መንደር ይሆናል፣ ውሃ የሌለው ሰፈር ይነሳል። ኮሚቴው ሰኞ መጥቶ ያያል። የሲሚንቶው ገንዳ ሞልቶ ካገኘ ይቀራሉ፤ ጎዶሎ ካገኘ በመኪና ተጭነው ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ሜዳ ይሄዳሉ።

«ሜዳው ምን አለው?» አልኳቸው።

«ሜዳ አለው» አሉኝ ጋሽ ተፈራ።

ረቡዕ ጠዋት ወተት ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች በተሳፈሩበት የጭነት መኪና ወጣን። ባዶ የወተት ዕቃ እየተንኳኳ፣ ሴቶቹ በሶማሊኛ ስለኔ ሆድ እየተሳሳቁ፤ ቋንቋውን ባላውቅም በእጃቸው እየለኩት ነበር። ሰፈሩ ስንደርስ አየሁት። ማማው ደህና ነው፣ መዘውሩም ደህና ነው። ክንፎቹ ግን! የመጀመሪያዎቹ ድሮ ወልቀው፣ ሰው ጠፍጣፋ ላሜራ እየቆረጠ ሰክቶባቸዋል። የድስት ክዳን ሁሉ! ነፋሱ መጥቶ በጥፊ ይመታቸዋል እንጂ አያነሳቸውም። ቀኑ እየጋመ ነው፣ ለስላሳ ነፋስ አለ፣ መዘውሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሮብሌ መጣ። ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፣ ጢሙን ሂና ነክሮ አቅልቶታል፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን ሰቅሎበታል። ስሙ በነሱ ቋንቋ የዝናብ ሰው እንደማለት ነው አሉኝ። ጥቅሌን አየና፣ «ዋሪያ፣ ክንፉን ብቻ ነው ያመጣኸው ወይስ ወፏም አለች?»

«ወፏ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ወላሂ ከብደሃል ለወፍ።»

ወዲያው ተዋደድን። ሚስቱ ኸዲጃ የግመል ወተት ሰጠችኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሆዴን ለሁለት ቀን በደንብ አናገረው። ፓምፑ ለምን እንደቆመ ስጠይቅ ሮብሌ፣ «እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ይተኛል። ከዚያ ትኩሱ ነፋስ ይመጣል፣ እሱም ይነሳል። እኛም ቀን እንተኛለን፣ ጉድጓዱም ይተኛል፤ ስንነሳ ውሃው ጠብቆን እናገኘዋለን» አለኝ። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከታች ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ውሃው የሚመጣው ከድንጋይ ስንጥቅ እየተንጠባጠበ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ክንፎቹ ላይ ነበር።

ሐሙስና አርብ ጋሽ ተፈራ ግቢ ውስጥ ሠራሁ። ይሄንን በዝርዝር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ፣ ከዚህ በኋላ የምኮራበት ነገር ስለሌለ። የሠራሁት ከበርሜል ነው። በርሜል ሲፈጠር ሆድ አለው፤ በቁመቱ ስትሰነጥቀው ግማሹን ሥራ ሠርቶልሃል። ክንፍ ሆድና ጀርባ ሊኖረው ይገባል፤ ነፋሱ በሆዱ በኩል ይገፋል፣ በጀርባው በኩል ይስባል። ቀጥሎ ጥምዘዛው ነው። ወደ እምብርቱ ያለው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጫፉ ግን ይሮጣል፤ ስለዚህ ከእምብርቱ ጋ ቀና፣ ወደ ጫፉ ጋደም እያደረግክ ትጠመዝዘዋለህ። እንደ ጨርቅ ጨማቂ ማለት ነው፣ ግን በጣም በትንሹ። የፊቱን ጠርዝ ወፍራም ሽቦ ላይ አጥፌ ድፍን አደረግኩት፣ የኋላውን በሞረድ አሳሳሁት። ነፋስ ሲቀበሉት ትከሻ ይወዳል፣ ሲሸኙት ግን ቀጭን መውጫ ነው የሚፈልገው። የቡሎኖቹን ራስ ሁሉ ቀብሬ አለሰለስኩ፤ አንዲት ጉብታ ነፋሱን ታደናቅፈዋለች። ለመቀጥቀጫ የጋሽ ተፈራ የሐዲድ ቁራጭ ነበረችልኝ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የቀረቻቸው እሷ ናት።

ችግሬ ከሰዓቱ ጋር ነበር። እኩለ ቀን ላይ መዶሻ ሳነሳ ጎረቤት ሁሉ መስኮቱን ይከፍታል። «አቦ ማስተር! ሰው ነን እኮ!» ይሉኛል። አንዱ ደግሞ፣ «ብረቱንስ አታሳርፈውም?» እኔም «ሰኞ ኮሚቴው ሲመጣ ትተኛላችሁ!» እያልኩ መቀጥቀጥ። እትዬ አምሳለ በመጨረሻ መዶሻውን ከእጄ ተቀብለው ፓስታ ሰጡኝ። መዶሻውን የደበቁበትን አልነገሩኝም፣ የዛፉ ጥላ ግድግዳውን እስኪሻገር።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ሰቀልናቸው። ሮብሌ ከታች ገመድ ይይዛል፣ ጋሽ ተፈራ ይሳደባሉ፣ እኔ ከላይ ነኝ። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቄ ስወርድ ቅጠል የማይነቃነቅበት ሰዓት ነው። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አንጋጥጧል። ምንም የለም። ከዚያ ከኮረብታው በኩል አንዲት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነፋስ መጣች፤ የኸዲጃን ሻሽ ጫፍ ብቻ ነካችው። መዘውሩ ዞረ። እንደገና ዞረ። ከዚያ መቆም አልቻለም። ዘንጉ ወጣ፣ ወረደ፣ ቧንቧው አስነጠሰና ውሃ ተፋ። እልልታው! እኔ ራሴ ዓይኔ ረጠበ። «ሕፃን ልጅ እፍ ቢልባት ትዞራለች! ቀን አትል፣ ማታ አትል፣ ድካም አታውቅም!» እያልኩ እጨፍራለሁ። ጋሽ ተፈራ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት መቱበት።

ኸዲጃ ብቻ አጠገቤ መጥታ፣ «ጉድጓዱስ? መቼ ይተኛል?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ወደ ጉድጓዱ ሄጄ ሰማሁ። ያ ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ የለም፤ ውሃው ሲጠባ ብቻ ነው የሚሰማው። መቂ ውስጥ ይሄ ነገር አይታሰብም፤ ከሥርህ ሐይቅ አለ፣ ሳብ ስትለው ይመጣል። እዚህ ግን ድሮ ጠፍጣፋዎቹ ክንፎች ጠዋት መዞር አቅቷቸው ሲቆሙ፣ ጉድጓዱ የሚሞላበት ሰዓት እሱ ነበር። ገባኝ። ነገሩ ደግሞ ቀላል ነው፣ መላ አለው። ማማው ሥር፣ መዘውሩን ወደ ነፋስ የሚያዞረው የጭራው ሽቦ የታሰረበት እጀታ አለ። እጀታውን ስትጎትት ጭራው ይታጠፋል፣ መዘውሩ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ይቆማል። እጀታውን ግራሶ ቀባሁ፣ ሽቦውን አደስኩ። ከሮብሌ ጋር ተስማማን፤ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት እስከ ዙሁር ይታሰራል፣ ገንዳው ሲሞላም ይታሰራል። እሁድ እንደዛ አደረግን። ሰኞ ንጋት ላይ ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ጉድጓዱም ሥራውን ይሠራል፤ ጠብ፣ ጠብ። ጌታ ሆኜ ቁርሴን በላሁ።

ኮሚቴው ረፋዱ ላይ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ፣ አቧራ የጠጣ፣ የደከመው ሰው ነው። ገንዳውን ሳያይ ቀና ብሎ መዘውሩን አየ።

«ለምን ቆመ?»

ሮብሌ «ተኝቷል» አለው።

«ማነው የተኛው?»

«ጉድጓዱ።»

አብረውት የመጡት ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ገንዳውን በባልዲም በቦቴም መሙላት ይቻላል። ይሄንን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። እኔ የማምነው ማሽን ሲሠራ ነው። ማሽን ከቆመ ነፋስ የለም፣ ነፋስ ከሌለ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ መንደር የለም» አለና ወደ መኪናው ዞረ።

ሮብሌ አማርኛው ጠፋበት። ሰውየው አንድ እግሩን መኪናው ላይ አሳርፏል። እኔ ምን ላድርግ? ያለኝ አፍ ነው። «ጓድ ሊቀመንበር!» አልኩና እጀታውን ለቀቅኩት። «ይቺ ማሽን ሕፃን ልጅ እፍ ቢልባት ትዞራለች! ቀን አትል፣ ማታ አትል፣ ድካም አታውቅም!» እሷም አላሳፈረችኝም፤ ነፋሱን አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች፣ መሽከርከር ጀመረች። ውሃው ፏ አለ። ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጠጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«አንተ ነህ የሠራሃት?»

«በዚህ እጄ።»

«ቀንም ማታም ትሠራለች?»

«ቀንም ማታም።»

ፈገግታው ጠፋ። «እንግዲያው ማነው ያሰራት? ሕዝቡ በውሃ ጥም እያለቀ እንዲህ ያለችን ማሽን አስሮ መቀመጥ አሻጥር ነው።»

ያቺን ቃል የሰማ ሰው በዚህ ዘመን አይመልስም። እኔ «የጉድጓዱ ውሃ...» ብዬ ስጀምር ጋሽ ተፈራ እግሬን ረገጡኝ። ትእዛዙ እዚያው ወጣ። ቦታው መንደር ይሆናል፣ በዙሪያው ያሉት ሰፈሮችም ወደዚህ ይመጣሉ፤ ማሽኗ እስከዚያ ድረስ አትቆምም፣ የሚያቆማት ሰው በአሻጥር ይጠየቃል። አንድ ሚሊሻ ከነጠመንጃው እጀታው አጠገብ ተተከለ። መኪናቸው ሲሄድ ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። ቀርተዋላ! እኔን ተሸከሙኝ፣ ከነሆዴ። ከሰው ትከሻ ላይ ሆኜ «አሸነፍን እኮ!» አልኩት ሮብሌን። «ሐዬ» አለኝ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ዓይኑን ከቧንቧው ላይ ሳያነሳ።

ማክሰኞ ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። አቧራው ጭቃ ሆነ፣ ፍየሎች ገቡበት፣ ልጆች ተንከባለሉበት። በዚያ ምድር፣ በዚያ ድርቅ፣ ውሃ በከንቱ መንገድ ላይ ሲሄድ ቁጭ ብለን አየን። ሴቶቹ ያላቸውን ዕቃ ሁሉ ሞሉ፤ ድስት፣ ብርጭቆ፣ የሕፃን ጫማ ሳይቀር ሞልተው ሲያበቁ ቆመው ያያሉ። ሚሊሻው ከደጋ የመጣ ጎልማሳ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኸዲጃ ሻይ ስትሰጠው በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። «ወንድሜ፣ እስከ እኩለ ቀን ብቻ እንያዛት» ብዬ ለመንኩት።

«አየህ ጋሼ፣» አለኝ፣ «እኔም ገበሬ ነኝ። ውሃ ሲባክን አንጀቴ ይቃጠላል። ግን እኔ የተባልኩት አትቁም ነው። ልጆች አሉኝ።»

ረቡዕ ከጋሽ ተፈራ ጋር ከተማ ቢሮ ሄድን። ሊቀመንበሩ ሌላ ወረዳ ወጥቷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የተተካው ሰውዬ አዳመጠን፣ አዳመጠን፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱ የሰጠውን ትእዛዝ እኔ ላንሳ? ደግሞስ፣ ውሃ በዛብን ብሎ አቤት የሚል ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለን። ስንወጣ ሰዓቱ ደርሶ ከተማው ተኝቷል። ጋሽ ተፈራ የተዘጉትን መስኮቶች እያዩ ሄዱ።

ሐሙስ ሰፈሩ ስንመለስ ውሃው ሻይ በወተት መስሏል። ከሰዓት በኋላ አሸዋ ይዞ መጣ፤ ውሃ የሚስበው የፓምፑ ቆዳ እየተፋቀ ይጮሃል። ያኔ በሕይወቴ ያላሰብኩትን አደረግኩ። መዶሻዬን ይዤ ሚሊሻው ጋ ሄድኩና «ክንፎቹን ላሻሽላቸው ነው» አልኩት። «ማሻሻል አልተከለከለም» አለኝ። እየዞረች እያለች ወጣሁ፣ አንድ እጄን ሰክቼ በግድ ያዝኳትና ያንን ሆድ፣ ያንን ጥምዘዛ፣ አንድ በአንድ ደበደብኩት። ጠፍጣፋ አደረግኩት። በጠዋት ነፋስ የማይዞር፣ የድስት ክዳን። ከታች ሮብሌ አንጋጦ ያየኛል፤ ገብቶታል። ስወርድ እጄ ደም በደም ነው። ኸዲጃ ሻሿን ቀድዳ አሰረችልኝ።

አርብ ጠዋት መዘውሩ ቆመ። ልክ እንደ ድሮው። ሚሊሻው ቀና ብሎ አየና «ነፋስ የለም» አለ፣ ወደኔ ሳያይ። እግዜር ይስጠው። ሁላችንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኮልኩለን አዳመጥን። ዝም። ሮብሌ በገመድ ወረደ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጉልበቱ ድረስ እርጥብ አሸዋ ነው። የጉድጓዱ ጎን ተንዶ ስንጥቁን ደፍኖታል። ቆፈርን። አርብን ቆፈርን፣ ቅዳሜን ቆፈርን፤ እኔ በአንድ እጄ። ጠብ የሚል ነገር ስንጠብቅ፣ የሚሰማን የራሳችን ትንፋሽ ነው። ቀልድ እንኳ አላወራሁም። ጋሽ ተፈራ «ኧረ አንድ ነገር በል» አሉኝ። አካፋውን አነሳሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡድን መጣ። ገንዳውን አየ፣ ደረቅ። ክርክር የለም፣ ቁጣም የለም። በበነጋው መኪኖች መጡ። ሰዉ ጎጆውን ነቅሎ፣ ምሰሶና ሰሌን እየጠቀለለ ጫነ። ኸዲጃ ከመሳፈሯ በፊት ከመንገዱ ወዲያ ወዳሉት መቃብሮች ሄዳ አንድ እፍኝ ውሃ ከእንስራዋ አፈሰሰች። ማክሰኞ ከሞላችው የተረፈ ነው። ሮብሌ ለመንገዴ የግመል ወተት ይዞልኝ መጣ። እንዴት እንደተቀበልኩት አላውቅም።

«ወላል፣» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «ክንፍህ ጥሩ ነበር፣ ወላሂ። እኛ ግን የጎደለን ነፋስ አልነበረም።»

ከጋሽ ተፈራ ጋር ተቃቅፈው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ፣ ዱላውን እንደልማዱ በትከሻው ሊያጋድም ሲል ቦታ ጠበበው፣ አቀፈው።

ሚሊሻው ግን ቀረ። ሁሉም ሲሄድ እሱ እዚያው ማማው ሥር፣ እጀታው አጠገብ። «አንተስ?» አልኩት። «አቁም የሚል ትእዛዝ አልመጣልኝም» አለኝ። ዙሁር አልፎ ትኩሱ ነፋስ መጣና መዘውሩ መዞር ጀመረ። ዘንጉ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቧንቧው ደረቅ ሳል ይስላል። ጋሽ ተፈራና እኔ መንገዱ እስክንደርስ ድምፁ ተከተለን።

እትዬ አምሳለ ፈጢራ በወረቀት ጠቅልለው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። ጋሽ ተፈራ አልመጡም፤ የሐዲዷ ቁራጭ ላይ እንደተቀመጡ ተውኳቸው። ባቡሩ ሁርሶን፣ ኤረርን፣ አፍደምን አለፈ። አዋሽ ላይ ያው ወታደር ፈተሸኝ። ባዶ ብርድ ልብሴን አራገፈና «ክንፍህስ?» አለኝ፤ አስታውሶኛል፣ ሊስቅ ተዘጋጅቷል። «እዚያ ቀረ» አልኩት። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር ሲቀር ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ሰጠኝ።

አሁን መቂ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ያለችው ፓምፕ ጠዋት ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ መዞር ስትጀምር ወጥቼ አስራታለሁ፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ እፈታታለሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይቶኝ ትናንት፣ «ሰውየው፣ ሐይቅ አጠገብ ሆነህ ለምንድን ነው የምታስራት?» አለኝ።

«ጉድጓዱ ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው» አልኩት።

ሳቁን አዘጋጅቶ ቆመ፣ ቀጣዩን እንድነግረው። ሽቦውን አጠበቅኩና ወደ ቤት ገባሁ።